ፈጣን እጅ ብቻውን ታላቅ ድራመር አያደርግም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ታላቅ ድራመር የሚባለው ማን ነው?» በሚል ርዕስ የቀረበ ጽሑፍ ሰሞኑን በወጣት ሙዚቀኞች መካከል እየተዘዋወረ ነው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ድራመር የሚለካው በቴክኒክ ነው፤ ቴክኒክ ማለት ደግሞ ፍጥነትና ሁለት እጅ ከሁለት እግር ጋር ለየራሳቸው ማዘዝ መቻል ነው፤ ስታይል የሚባለው ነገር ቴክኒክ ያነሳቸው ሰዎች የሚሸሸጉበት ጥላ ነው። በዚህ መለኪያ አሜሪካዊው የጃዝ ድራመር ባዲ ሪች ከሁሉም በላይ ነው፤ የቢትልሱ ሪንጎ ስታር ዕድለኛ ነው፤ የሮሊንግ ስቶንሱ ቻርሊ ዋትስ ማንም ጀማሪ የሚጫወተውን የተጫወተ ሰው ነው። ወደ አገራችን ሲመጡም የእኛ ድራመሮች ችክችካ ቀላል ምት ስለሆነ እጃቸውን አስንፎባቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል ይላሉ። በመጨረሻም ወጣቱ በቀን ስድስት ሰዓት ተቀምጦ የልምምድ ጎማ (እጅ ለማለማመድ በድራም ፈንታ የሚመታ ጠፍጣፋ ጎማ) እንዲመታ ይመክራሉ።

ጸሐፊው ለድራም ያላቸው ፍቅር ያስታውቃል፤ ወጣቱ ይሥራ ማለታቸውም ትክክል ነው። ምላሽ ለመጻፍ ያስነሳኝ ጽሑፉን ያነበቡ ተማሪዎች ዘፈን ማዳመጥ ትተው በስልካቸው ላይ በደቂቃ ስንት እንደመቱ መቁጠር መጀመራቸው ነው። ድራም የማስተምር ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍጥነቱ ልጀምር። ጸሐፊው በአንድ ደቂቃ ከ1,200 ጊዜ በላይ የሚመቱ ሰዎች እንዳሉ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቆጣሪ አለ፣ ውድድርም ይካሄድበታል፤ አሜሪካዊው ድራመር ማይክ ማንጊኒ በ2005 በአንድ ደቂቃ 1,203 ጊዜ መትቷል። ይህን ቁጥር እስቲ ወደ ሙዚቃ እንመልሰው። በደቂቃ 1,200 ማለት በሰከንድ 20 ምት ነው። በደቂቃ በ120 ዋና ምት በሚሄድ፣ ለጭፈራ በሚመች ዘፈን ውስጥ እያንዳንዱን ዋና ምት በአራት ብንከፍል በሰከንድ 8 ምት እናገኛለን፤ ለሁለት እጅ ሲካፈል ለአንዱ እጅ አራት ይደርሰዋል። በትጋት የሚሠራ ተማሪ ብዙም ሳይቆይ ይደርስበታል። ከዚያ በላይ ያለውን ፍጥነት አብዛኛው ሙዚቃ ጨርሶ አይጠይቅም። ማንጊኒም ቢሆን በ2010 ድሪም ቲያትር የተባለውን ባንድ ሲቀላቀል የተፈለገው ለቁጥሩ አልነበረም፤ የባንዱን ጠመዝማዛ አቆጣጠር ሳይስት ይዞ መሄድ ስለሚችል ነው።

ባዲ ሪችን በምስክርነት መጥራታቸው ደግሞ የእኔን ክርክር ያጠናክራል። ሪች በ1917 ኒው ዮርክ ብሩክሊን ተወለደ፤ ወላጆቹ የመድረክ ተዋንያን ስለነበሩ ገና በሕፃንነቱ መድረክ ላይ ወጣ። መደበኛ የሙዚቃ ትምህርት አልተማረም፤ ኖታ አያነብም ነበር። ለባንዱ አዲስ ሙዚቃ ሲመጣ ሌላ ድራመር እንዲጫወተው ያደርግና እሱ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተነስቶ ራሱ ይጫወተዋል። የእጅ ንጉሥ የተባለው ሰው ሥራውን የሚያገኘው በጆሮው ነበር ማለት ነው። ሶሎውንም ጸሐፊው በፈጠኑት ቦታዎች ብቻ የሰሙት ይመስለኛል። እሱን ከሌሎች ፈጣኖች የሚለየው ስኔሩ (ድምፁ ሹል የሆነው ከፊት ያለው ከበሮ) ላይ የሚያንከባልለውን ምት ከማይሰማ ሹክሹክታ ጀምሮ አንዲትም ምት ሳትጎድል ወይም ሳትጎላ ቀስ በቀስ ወደ ነጎድጓድ ማድረሱና እንደገና ወደ ሹክሹክታ መመለሱ ነው። በዝግታና በጸጥታ እኩል መምታት በፍጥነትና በኃይል ከመምታት ይከብዳል፤ ያልመሰለው ሰው ስቲኩን ከቆዳው ሁለት ጣት ብቻ ከፍ አድርጎ ለአምስት ደቂቃ ይሞክረው።

አራቱ እጅና እግር ለየራሳቸው መታዘዝ አለባቸው የሚለውን በአንድ ሰው ልመልስ። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዴፍ ሌፐርድ ድራመር ሪክ አለን በ1984 የመጨረሻ ቀን በደረሰበት የመኪና አደጋ ግራ እጁን አጣ። የግራ እጁን ሥራ ወደ እግሩ ፔዳሎች አዛውሮ ተመለሰ፤ ባንዱ በ1987 ያወጣው አልበም በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ ዛሬም ድራመሩ እሱ ነው። ይህ ሰው ቴክኒክ የለውም የሚል ካለ ቴክኒክ የሚለውን ነገር እንደገና ያስብበት።

ስለ ሪንጎ ስታር የጻፉት ግን በጣም አሳዝኖኛል፤ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ጸሐፊው ሦስት ነገር ያነሳሉ፦ ጆን ሌነን ራሱ «ሪንጎ በቢትልስ ውስጥ እንኳ ምርጡ ድራመር አይደለም» ብሏል፤ የመጀመሪያው ዘፈን ሲቀረጽ ሌላ ድራመር ተጠርቷል፤ አስቸጋሪ የሚባል ነገር ሲጫወት አልተሰማም።

የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ሌነን ይህን እንዳለ የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም፤ ቀልዱ የእንግሊዝ ኮሜዲያን ሌነን በ1980 ከሞተ በኋላ ያመጡት ነው። ሁለተኛው እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ እውነት ነው። በመስከረም 1962 አንዲ ዋይት የተባለ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ድራመር ተጠርቶ «ላቭ ሚ ዱ»ን ተጫውቷል፤ ሪንጎም ታምቡሪን ይዟል። በዚያን ጊዜ ሪንጎ ባንዱን ከተቀላቀለ አንድ ወር አልሞላውም፤ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን ገና በቅጡ አላወቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ ባንዱ እስኪበተን ከጥቂት ዘፈኖች በቀር የተጫወተው ሪንጎ ነው። የቀረጻ ካሴቶቹን ያዳመጠው የታሪክ ጸሐፊው ማርክ ሉዊሰን እንደሚለው በሪንጎ ስህተት የተቋረጠ ቀረጻ እጅግ ጥቂት ነው። የስቱዲዮ ሰዓት በገንዘብ በሚለካበት ዘመን ይህ ትልቅ ችሎታ ነው።

ሦስተኛውን ለመመለስ በ1969 የተቀረጸውን «ካም ቱጌዘር» አብረን እናዳምጥ። መግቢያው ላይ ሌላ ድራመር ቢሆን ሃይሃት (በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥንድ ሳህኖች) እና ስኔር እየመታ የተለመደውን ጉዞ ይጀምር ነበር። ሪንጎ ሃይሃቱን በሦስት በሦስት ነካ ነካ ያደርግና ወደ ቶሞቹ (ወፈር ያለ ድምፅ ወዳላቸው ከበሮዎች) ያንሸራትተዋል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ እንደገና ያንኑ ይደግማል። ቶሞቹ ላይ ጨርቅ ስለተደረገባቸው ድምፁ የታፈነ፣ ወፍራምና አጭር ነው። ዘፋኙ ቃል ሳያወጣ ዘፈኑ ምን ዘፈን እንደሆነ ያውቁታል። ከአንድ ባር (አንድ ሙሉ የምት ዙር) ድራም ብቻ ዘፈኑን መለየት የሚቻልባቸው ድራመሮች ስንት ናቸው?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሪንጎ ግራኝ ነው፤ የሚጫወተው ግን ለቀኝ ሰው በተዘረጋ ድራም ነው። ሌላው ድራመር በቀኝ እጁ ጀምሮ ከስኔር ወደ ትልቁ ቶም የሚወርድበትን መንገድ እሱ በቀላሉ አይሄድበትም። ግራው ቀድሞ ስለሚነሳ ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ይዘገያል፤ ቅደም ተከተሉም ይለወጣል። ብዙ ብቁ ድራመሮች የእሱን ሙሌቶች (በዘፈኑ ክፍሎች መካከል የሚገቡ አጫጭር ምቶች) ኖታውን ሳይስቱ ተጫውተው እንኳ ያንን ድምፅ አያገኙትም። ታዲያ ይህ ዕድል ነው? በልጅነቱ ረጅም ጊዜ በሆስፒታል የተኛ፣ ድራም መምታትን በሳንባ ነቀርሳ ሕመሙ ጊዜ የለመደ ሰው በሰውነቱ የተሰጠውን ይዞ የራሱን ቋንቋ ሠራ።

ከዚህ ተነስቼ የጽሑፉን ዋና ስህተት ልናገር። ጸሐፊው ቴክኒክና ስታይልን በሁለት ሚዛን ላይ አስቀምጠው አንዱ ሲከብድ ሌላው የሚቀል አድርገው ያዩታል። ድራም ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን እነዚህ ሁለቱ አይነጣጠሉም። ቴክኒክ የፈለጉትን ድምፅ፣ በፈለጉት ጊዜ፣ በፈለጉት ጉልበት ማውጣት መቻል ነው። ስታይል ደግሞ ከሚቻለው ሁሉ ውስጥ የትኛው ድምፅ እዚህ ቦታ እንደሚያስፈልግ መወሰን ነው። የሚወስነው ጆሮ ነው፤ እጅ ታዛዥ ነው።

ቻርሊ ዋትስን እንውሰድ። ጃዝ የሚወድ፣ በ1963 መጀመሪያ ሮሊንግ ስቶንስን ተቀላቅሎ በ2021 እስኪሞት ድረስ ከባንዱ ያልወጣ ሰው ነው። የሚጫወትበትን ቪዲዮ ከፍተው ቀኝ እጁን ብቻ ይመልከቱ። ሌላው ድራመር ሃይሃቱን ስምንቱንም ጊዜ ይመታል። ዋትስ ግን ግራ እጁ ስኔሩን በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ ላይ ያነሳል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይመታም። በዚህም ስኔሩ ምንም ሳይደረብበት ብቻውን ይሰማል፤ በሃይሃቱ ላይም ትንሽ ክፍተት ይፈጠርና ምቱ ይተነፍሳል። ጀማሪ ይህን ይጫወታል? ተማሪዎቼን አዘውትሬ አሠራቸዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸው ወደ ለመደው ይመለስና ሁለቱን አብረው መምታት ይጀምራሉ።

ክላይድ ስተብልፊልድ ደግሞ አለ። ይህ የአሜሪካዋ ከተማ የቻታኑጋ ልጅ በፋብሪካና በባቡር ድምፅ መካከል አድጎ ያለ አስተማሪ ድራም የተማረ ነው። ከጄምስ ብራውን ጋር በ1969 የቀረጸው «ፋንኪ ድራመር» ውስጥ ድራሙ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ፤ ስምንት ባር፣ ሃያ ሰከንድ ገደማ። ብራውን በዘፈኑ ውስጥ ሶሎ እንዳይጫወት፣ የያዘውን ብቻ እንዲቀጥል ይነግረዋል፤ ስተብልፊልድም የያዘውን ቀጠለ። ያቺ ሃያ ሰከንድ በሂፕ ሆፕ ዘመን እጅግ ብዙ ዘፈኖች ላይ ተቆርጣ ገብታለች፤ ለስተብልፊልድ ግን ገቢዋ አልደረሰውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምስጢሯ ጎልተው በሚሰሙት ሁለት የስኔር ምቶች መካከል ግራ እጁ በጣም በቀስታ የሚበትናቸው ትናንሽ ምቶች ናቸው። ብቻቸውን ብዙም አይሰሙም፤ ከተወገዱ ግን ምቱ ይሞታል። በአንድ እጅ አንዱን ምት ጮክ፣ ቀጣዩን በሹክሹክታ መምታት ቴክኒክ ነው ወይስ ስታይል? ጸሐፊው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ቴክኒክን እንደ እሳቸው የሚያዩ ሰዎች ኒል ፒርትን በጣም ይወዱታል፤ እኔም እወደዋለሁ። ራሽ የተባለው ሮክ ባንድ ድራመር የነበረው ይህ ካናዳዊ በየመጽሔቱ የአንባቢዎች ምርጫ ቀዳሚ ሆኖ ሳለ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሬዲ ግሩበር ወደተባለ አዛውንት አስተማሪ ሄዶ እንደ አዲስ ተማረ። ለባዲ ሪች መታሰቢያ አልበም ሲያዘጋጅ ድራመሩ ስቲቭ ስሚዝ ሲጫወት ሰምቶ ነበር፤ ስሚዝ የግሩበር ተማሪ መሆኑን ሲያውቅ እሱም ሄደ። ፈጣን ለመሆን አልሄደም፤ ፍጥነት ነበረው። በሁለት ምቶች መካከል እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ሊማር፣ ድርቀቱን ሊያለዝብ ነው የሄደው።

ጸሐፊው የስቲክ አያያዝንም እንደ መለኪያ ያነሳሉ፤ ባጭሩ ልለፈው። ግራ እጅ ስቲኩን ከሥር የሚይዝበት አያያዝ የመጣው ከወታደር ከበሮ ነው፤ ከበሮው በጎን ተንጠልጥሎ ስለሚያዘነብል ለግራ እጅ የሚመቸው ያ ነበር። ሪችም ዋትስም በዚያው ተጫውተዋል፤ ሪንጎ ሁለቱንም እጅ አንድ ዓይነት ይይዛል። የታላቅነት መለኪያ አይሆንም።

ጸሐፊው ማሽን አይሳሳትም፣ ስለዚህ ምርጡ ድራመር ለማሽን የቀረበው ነው ይላሉ። ተማሪ ሁሉ በሜትሮኖም (ምትን እኩል በሚቆጥር መሣሪያ) ይሥራ፤ እኔም አሠራለሁ። ነገር ግን ለማሽን የቀረበ ድራም ምን እንደሚመስል እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ሰምተነዋል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባንዶች እየተመናመኑ አንድ ኪቦርድ የሁሉንም ቦታ ሲይዝ፣ በየካሴቱ ላይ ችክችካውን የሚመታው ማሽን ሆነ። ምቱ አልተዛነፈም። እያንዳንዱ ምት ግን ከቀዳሚው ጋር በጉልበት አንድ ነው፤ ድምፃዊው ሲያለቅስም ሲፎክርም ድራሙ አያውቅለትም። እነዚያን ካሴቶች የምንወዳቸው በድምፃውያኑ ነው። በአንጻሩ በ1977 ዋልያስ ባንድ ያወጣውን «ቼ በለው» አልበም ይስሙ። ድራመሩ ተማረ ሐረጉ ከባሱ ጋር ተቆላልፎ ኦርጋኑን እንዴት ተሸክሞት እንደሚሄድ፣ የት ላይ ጫን ብሎ የት ላይ እንደሚለቅ ልብ ይበሉ። የድራም ማሽን ሊቅ የተባለው የዲትሮይቱ ጄ ዲላ እንኳ ታዋቂ የሆነው ማሽኑ ምቶቹን በራሱ እንዳያስተካክል አድርጎ፣ እንደ ሰው እጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲንገዳገዱ በማድረጉ ነው።

አሁን ወደ ችክችካው። «ቀላል ስለሆነ እጅ ያሰንፋል» የሚለው አባባል ችክችካን ከወንበሩ ላይ ሆኖ ካላየ ሰው የመጣ ይመስለኛል። ምቱ በስድስት ይቆጠራል። ስድስት ደግሞ ሁለት ጊዜ ሦስት ሆኖ ይሰማል፤ ሦስት ጊዜ ሁለት ሆኖም ይሰማል። የእኛ ሙዚቃ ጣዕሙ ሁለቱ ባንድ ጊዜ መኖራቸው ላይ ነው፤ ቤዝ ድራሙ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ሁለቱን ትላልቅ እርምጃዎች ሲይዝ፣ ጭብጨባው ወይም ሃይሃቱ ወደ ሦስት ይጎትታል፤ የእስክስታው ትከሻ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሄዳል። ድራመሩ አንዱን ብቻ ካጎላ ዘፈኑ ወይ ዋልዝ (በሦስት የሚቆጠር የአውሮፓ ዳንስ) ይሆናል ወይ ሰልፍ ይመስላል። በውጭ አገር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ፣ እጃቸው እሳት የሆነ ድራመሮች ችክችካ ላይ ሲቀመጡ ኖታውን በትክክል እየመቱ ማንም ሳይነሳ ዘፈኑ ሲያልቅ አይቻለሁ። ማንጊኒን የሚያህል እጅ ይህን አያድንም።

ከዚያ በላይ ደግሞ የሰርግ ድራመር በአንድ ምሽት ውስጥ ከአማርኛው ችክችካ ወደ ጉራጊኛው ግለት፣ ከዚያ እርምጃው እኩል ወዳልሆነው የትግርኛ ምት፣ ከዚያ ወደ ኦሮምኛ ይሸጋገራል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ማቋረጥ። እያንዳንዱ የራሱ ክብደት፣ የራሱ ማረፊያ አለው። ይህን የሚችል ሰው «እጁ የሰነፈ» አይባልም።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮን ጸሐፊው ጨርሶ አለማንሳታቸውም ይገርማል። ሁለት አፍ ያለው፣ አንደኛው ሰፊ ሌላኛው ጠባብ፣ ሁለት እጅ ሁለት የተለያየ ድምፅ የሚያወጣበት መሣሪያ ነው። መዳፍ መሃሉ ላይ ሲያርፍና ጣት ጠርዙን ሲነካ የሚሰማው አንድ አይደለም። ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ዝማሬው በዝግታ ይጀምራል፣ ከበሮው ለረጅም ጊዜ ሳይቸኩል ይቆያል፣ ከዚያ ጸናጽሉና ጭብጨባው እየደመቁ ሲሄዱ መቶ ሰው አብሮ ይፈጥናል፤ ማንም ግን ቀድሞ አይሮጥም። ይህን ያህል ሰው ይዞ ፍጥነትን እኩል መጨመር ሜትሮኖም ሊያስተምረው የማይችለው ጥበብ ነው። አገራችን ውስጥ ለድራመር የሚሆን ትምህርት ቤት የለም ብለው ሲጽፉ ይህን ረስተውታል።

ጸሐፊው ከአውሮፓና ከአሜሪካ አሥር ታላላቅ ድራመሮች ሲዘረዝሩ ከአፍሪካ አንድም አልጠሩም። ቶኒ አለን የት ሄደ? ናይጄሪያ ሌጎስ የተወለደው ይህ ሰው ራዲዮ ጣቢያ ውስጥ ቴክኒሻን ሆኖ ሲሠራ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ድራም ጀመረ። የአሜሪካ ጃዝ ድራመሮቹን አርት ብሌኪንና ማክስ ሮችን አጥብቆ አዳመጠ፤ ሮች ስለ ሃይሃት አጠቃቀም በመጽሔት የጻፈውን አንብቦ ተለማመደ። ከዚያ የጃዝን ነፃ እጅና እግር ይዞ ወደ ራሱ አገር ምት ተመለሰ፤ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ ጋርም አፍሮቢት የተባለው የሙዚቃ ስልት ተወለደ። ፌላ ለባንዱ አባላት የሚጫወቱትን እየሰጠ፣ ድራሙን ግን ለአለን ይተውለት ነበር፤ ያለ እሱ አፍሮቢት እንደማይኖርም ተናግሯል። ከሩብ ሰዓት በላይ በሚሄዱት ዘፈኖች ውስጥ አለን አይጮህም፣ አይሮጥም፤ አራቱ እጅና እግሮቹ አራት ሰዎች እንደሚጫወቱ ይነጋገራሉ። ጸሐፊው የሚወዱት የእጅና የእግር ነፃነት ከዚህ በላይ የታየበት ቦታ አላውቅም፤ ያንን ግን ያደረገው ከራሱ አገር ምት ሳይወጣ ነው፤ ጸሐፊው የእኛን አገር ምት ችክችካን «አሰናፊ» ብለውታል።

ከሁሉም በላይ ያጎደሉት ድምፅን ነው። ስለ ድራም ቅኝት አንድ መስመር አልጻፉም። በየሆቴሉ የሚሠሩ ልጆች የሚያገኙት ቆዳው ያረጀ፣ ስንት ሰው የደበደበው ድራም ነው። ከሌሎቹ ቀድሞ የሚመጣ አንድ ድራመር አውቃለሁ፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ስኔሩን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። አንዱን ብሎን ያጠብቅና ወዲያው ፊት ለፊቱ ያለውን ያጠብቃል፤ በዙሪያው አይሄድም፣ ምክንያቱም ቆዳው ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ከዚያ በእያንዳንዱ ብሎን አጠገብ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ በስቲኩ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይነካል፤ ዝቅ ያለ ከሰማ ሩብ ዙር ይጨምራል። ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ማታ ዘፋኟ ከማንም ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር መሥራት የምትመርጠው ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ዘፈን ይበቃል፤ ድራሙ ድምፅዋን አይሸፍንም።

የስድስት ሰዓቱን ምክር በተመለከተ፣ የልምምድ ጎማ ጥሩ ነገር ነው፤ የእጅን አወራረድ ያስተካክላል። ግን ድምፅ የለውም፣ እግር የለውም፣ የሚሰማው ሰውም የለም። ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ ይህ ነው፦ አንድ ምት ይምረጡ፣ ያለ ምንም ሙሌት አሥር ደቂቃ ይጫወቱት፣ ስልካቸውን ክፍሉ ጥግ ላይ አስቀምጠው ይቅረጹት። ከዚያ ተቀምጠው አሥሩንም ደቂቃ ያዳምጡ፤ ስኔሩ አንድ ዓይነት ነው? ቤዝ ድራሙ ከሃይሃቱ ይበልጣል? ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሰልችቷቸው ፈጥነዋል? በማግስቱ ዘፋኝ ወይም ባስ ተጫዋች ጠርተው ያንኑ ምት ይድገሙት፤ ሲጨርሱ «እጄ እንዴት ነበር?» ማለታቸውን ትተው «መዝፈን ተመቸሽ?» ብለው ይጠይቁ።